የወጥ ቤቱ መስመር

አፍንጮ በር፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ገብረትንሣኤ፣
ቶሪኖ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እንደምን ሰንብተዋል? የቶሪኖ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ከሰው ጋር መከራከሯን ስላልተወች ጤነኛ መሆኗን በዚያ ይወቁልኝ።

ስልክ አልሰማ ስላለዎት «ደብዳቤ በኢሜይል ጻፍልኝ፣ ሰላምታውንም እንዳትዘለው» ባሉኝ መሠረት ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። በቴሌግራም ሁለት መስመር መወርወር ለለመደ ሰው ይኼ ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባዬን መኝታ ቤት ስቱዲዮ እንዳደረግኩት ያውቃሉ። ግድግዳውን በስፖንጅና በአሮጌ ምንጣፍ ሸፍኜዋለሁ፤ እኔ ደግሞ ከጎኑ ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ጠረጴዛዬን ዘርግቻለሁ። መዝሙር፣ ማስታወቂያ፣ የሰርግ ዘፈን እቀርጻለሁ። ሥራው በተቀየረ ቁጥር ገመዱም መቀየር ስላለበት በየቀኑ ባትሪ በአፌ ነክሼ ጠረጴዛ ሥር እንፏቀቃለሁ። ባለፈው አንድ ትልቅ ዘማሪ ቆመው እየጠበቁኝ ከሥር ሆኜ አቧራው ሲያስነጥሰኝ «ይማርህ ልጄ፤ ዕቃ ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ። በጣም አፈርኩ።

ፓች ቤይ የሚባል ዕቃ ከዚህ ያወጣሃል ብለውኛል። ገመዱ ሁሉ አንዴ ከኋላው ይታሰርና ከዚያ ወዲያ ፊቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በአጫጭር ገመድ ማገናኘት ብቻ ነው አሉ። ፒያሳ አንድ ባለ ሱቅ ሁለት ዓይነት አሳይቶኝ ልዩነታቸውን ብጠይቀው «አንዱ ውድ ነው» አለኝ። እርስዎ ዕድሜዎን በቴአትር ቤት ድምፅ ላይ ያሳለፉ ነዎትና ይምረጡልኝ።

እማዬ ለወንድሟ ለጋሽ ፈቀደ ሰላም በልልኝ ብላለች። «ከአክስቴ ልጅ ከገብሬ ጋር አንድ ቤት እየኖረ ከገና ወዲህ ድምፁን ነፈገኝ» ትላለች። የሚልክላትን አጫጭር ጽሑፍ መነጽሯን አድርጋ ታየውና «ይኼ ፈቀደ አይደለም፣ ጣቱ ነው» ብላ ስልኩን ትመልስልኛለች። እባክዎ አንድ ቀን ይደውሉላት ይበሏቸው።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
እምሩ


ቶሪኖ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምሩ፣

እንደምን ሰነበትክ? እናትህ የሺዓለም እንዴት ናት? ጎረቤቷ ሁዳስ? ሰፈሩ ሲፈርስ ተርፋ ሱቋን ከፍታለች ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ እንጂ ሌላው አካላቴ ገና ሥራ ላይ ነው።

ባለ ሱቁ አልዋሸህም፣ ግን ምንም አልነገረህም። ልብ ብለህ አንብብ። የፓች ቤዩ ላይኛው ረድፍ ድምፅ የሚወጣበት ነው፤ ታችኛው ረድፍ ድምፅ የሚገባበት። አንደኛው ዓይነት ከፊት ገመድ ካልሰካህበት ላይና ታቹን አያገናኝም። ሁለተኛው ግን ገመድ ሳትሰካበትም ላይኛው ከታችኛው ጋር ከውስጥ ተገናኝቶ ይውላል፤ ሃፍ ኖርማል ይሉታል። በላይኛው ቀዳዳ ብትሰካ ድምፁን ትጋራለህ እንጂ መስመሩ አይቆረጥም። የሚቆረጠው በታችኛው ስትሰካ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘወትር መንገድህን ያለ ገመድ እንዲሄድ አድርገህ ትተወዋለህ፤ ገመድ የምታነሳው ከዘወትሩ ስትወጣ ነው።

ይኼን ደግመህ አንብበው። በሥራ ዘመኔ ሰው ሁሉ ሲሳሳት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ገመድ ካላየ ግንኙነት የለም ይመስለዋል።

ባለ አርባ ስምንት ቀዳዳ፣ ትልቁን ጃክ፣ የገመዱን ጫፍ ማለቴ ነው፣ የሚቀበል፣ እያንዳንዱን ጥንድ ወደፈለግከው ዓይነት መቀየር የሚቻልበት ገዝቼልሃለሁ። ትንንሽ ቀዳዳ ያለውም አለ፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ገመዱን እዚያ አገር ፈልገህ አታገኝለትም። ማይኩን በቀጥታ በዚህ እንዳታሳልፍ። ወደ ማይኩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ስትሰካና ስትነቅል ዕቃህን ያቃጥልብሃል። የማይኩን ድምፅ ከሚያጎላው ከፕሪአምፑ በኋላ አስገባ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ስሙን ጻፍ፤ አስታውሰዋለሁ አትበል፣ አታስታውሰውም። አብዱልሃሚድ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ያደርስልሃል። ዋጋውን አትጠይቀኝ።

ፈቀደ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፤ ሲሻለው ይደውላል በላት። አንድ ነገር ግን አደራ ብሎሃል። ከመስመሮቹ አንዱን ለእህቴ አድርግላት፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ትንሽ ስፒከር ስቀልላትና የሚዘመረውን እየሰማች ትሥራ ይልሃል። በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ነው የሰጠኝ።

እግዚአብሔር ሥራህን ይባርክልህ።

ገብረትንሣኤ


አፍንጮ በር፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገብረትንሣኤ፣

እንደምን ከርመዋል ጋሼ? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ዕቃው ደርሶኛል። አብዱልሃሚድ ሳጥኑን ሲያስረክበኝ «ይኼን ሁሉ ቀዳዳ ምን ልታስገባበት ነው?» ብሎ ስቆብኛል። እጅዎን ይባርከው።

አንድ ሙሉ ቅዳሜ ወለል ላይ ተቀምጬ አሰርኩት። እንዳሉኝ ስም ጻፍኩባቸው፤ ጽሕፈቴ አስቀያሚ ስለሆነ ግን ሁለቴ ቀድጄ ሁዳ ለልጇ ደብተር ስም የምትጽፍበትን ወረቀት ለጠፍኩ። ዛሬ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ የለም። ዘማሪው ቆሞ ሳይሰለች ድምፁን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው አዛውራለሁ። ሰው አደረጉኝ።

የእማዬ መስመርም ተሠርቷል። ከመቅረጫ ክፍሉ ማይኮች የሚመጣው ድምፅ ገመድ ሳይሰካ ወጥ ቤት ይደርሳታል። መዝሙር በተቀረጸ ቁጥር ሽሮ ያርራል። ማስታወቂያ ወይም የማናውቀው ሰው ሲመጣ ግን በእሷ ታችኛው ቀዳዳ ጫፉ የትም ያልደረሰ ቀይ ገመድ እሰካና እቆርጥባታለሁ። «ለሳሙና ሻጭ ብለህ አፈንከኝ» ትለኛለች።

ከፋሲካ በኋላ ጥሩ ሥራ አግኝቻለሁ። ሚኪያስ የሚባል የውቤ በረሃ ልጅ ግንቦት 10 ያገባል። አክስቶቹና የሰፈሩ ሴቶች የሚዘፍኑትን የሰርግ ዘፈን ቀርጾ በአዳራሹና በመኪናው ሊያሰማ ፈልጓል። ይኼ ካማረልኝ የሰርግ ሥራ በላይ በላዩ ይመጣልኛል።

ጋሼ፣ የጋሽ ፈቀደ ጉንፋን አልረዘመም? እማዬ ስሙን ስታነሳ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። የምታውቁትና እኔ የማላውቀው ነገር ካለ ቢነግሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ
እምሩ


ቶሪኖ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምሩ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። መልስ ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ይቅር በለኝ።

አጫጭሮቹን ገመዶች ስትነቅል ሽቦውን ይዘህ አትጎትት፣ ጭንቅላቱን ያዝ። አንድ ቀዳዳ መንጫጫት ከጀመረ ጥቂት ጊዜ ሰካ ነቀል አድርግበት፤ ቆሻሻው ይለቃል። ሥራ ስትጨርስ ፕሪአምፑን አጥፋ። መቼም አብርተህ አትተወው።

የጠየቅከኝን ሁሉ አልመለስኩልህም። አውቃለሁ። የሺን ሳምልኝ።

ገብረትንሣኤ


ቶሪኖ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እምሩ ልጄ፣

ይኼን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው። እናትህ አጠገብህ ካለች አሁን ዝጋውና በኋላ ተመለስበት።

ፈቀደ ቅዳሜ ዕለት አረፈ። ጉንፋን አልነበረም። በሽታው ጉሮሮው ላይ ነበር፤ ከገና ጀምሮ ድምፅ የለውም። ለየሺ እንዳልነግር አስምሎኝ ነው። ለአንተም ያልጻፍኩልህ ፊትህን አይታ ታውቃለች ብዬ ነው። እኔ እስከ ዛሬ እንደዚህ አፍሬ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ብቻህን እንዳትነግራት። ሴት ልጄ ለዕድራችሁ ዳኛ ለአቶ አማኑ ደውላ ነግራዋለች። ማክሰኞ ማታ ሽማግሌዎች ይዞ ቤት ይመጣና ትመካከራላችሁ፤ መርዶውን ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ትነግሯታላችሁ። የምለምንህ ቀኑን ነው። ቀብሩ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከመሬት በላይ ሳለ አንድ ቀን ሙሉ ታልቅስለት። ድምፁን ከነፈግናት ይኼን እንኳ አንንፈጋት።

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥህ።

ገብረትንሣኤ


አፍንጮ በር፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገብረትንሣኤ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። የጋሽ ፈቀደን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

መርዶው እንደ ወጉ ተነግሯል። አቶ አማኑና ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው ነገሯት። እማዬ ተነስታ ለብሳ ነበር፤ በጣም አለቀሰች። ድንኳን ተተክሎ ሦስት ቀን ሰው ሲወጣ ሲገባ ሰነበተ። ሁዳ ከአጠገቧ አልተለየችም። ሥራም ዘግቻለሁ፤ አርባው እስኪወጣ በቤታችን ዘፈን የለም።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። እርስዎም ራስዎን ይጠብቁ።

አክባሪ ልጅዎ
እምሩ


ቶሪኖ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምሩ፣

እንደምን ከረምክ? የሺን ለማስታመም እግዚአብሔር ጉልበቱን ይስጥህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። አጭር ነው፤ የሐዘን ጊዜ ስለሆነ አልፈርድብህም።

አማኑ ለልጄ ሲነግራት መርዶው የተነገረው ሐሙስ ማለዳ ነው አላት። እኔ ረቡዕ ብዬ ነበር። እሷም «ምነው ቆያችሁ?» ብትለው «ልጁን ጠይቁት» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። ምን አጋጠማችሁ? አሟት ነበር? ሐሙስ ጠዋት ሳጥኑን ተከትዬ ስሄድ «የሺ ትናንት ስታለቅስለት ዋለች» እያልኩ ነበር ራሴን የማጽናናው።

ለመቆጣት አይደለም። እውነቱን ጻፍልኝ።

ገብረትንሣኤ


አፍንጮ በር፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገብረትንሣኤ፣

እንደምን አሉ? መልስ ሳልሰጥዎ አርባው ወጣ። ይኼን ደብዳቤ ጀምሬ የተውኩት ብዙ ጊዜ ነው። የረቡዑን ነገር ብቻ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ከእሱ የባሰ መጣብኝ።

ቀኑን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። የሚኪያስ የሰርግ ዘፈን ቀረጻ የተያዘው ለረቡዕ ነበር። መርዶው ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ቢነገር ቤቱ የለቅሶ ቤት ይሆናል፤ በለቅሶ ቤት ከበሮና እልልታ አይቀረጽም፤ ሰርጉ ደግሞ እሁድ ነው። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ አላለቀስኩም አልልዎትም፣ አልቅሻለሁ። እያለቀስኩም ግን የማስበው ረቡዕን ነበር።

ማክሰኞ ማታ አቶ አማኑ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። እማዬ ወጥ ቤት ከሁዳ ጋር ሽንኩርት እየላጠች ነው። የት ሆነን እንመካከር ሲባል «መቅረጫ ክፍሉ ይሻላል፣ ድምፅ አያወጣም» ያልኩት እኔ ነኝ። ማይኮቹ ለነገው ሥራ ተደርድረው፣ ፕሪአምፑም በርቶ ነበር፤ የለካሁት የድምፅ መጠን እንዳይዛባብኝ ብዬ አላጠፋሁትም። ለጥንቃቄ ግን ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ከፓች ቤዩ ፊት ያለውን ገመድ ሁሉ ነቀልኩ። አንድ አላስቀረሁም። ባዶ ሆኖ ሳየው ልቤ አረፈ። የነቀልኩት ውስጥ የእማዬን መስመር ዘግቶ የነበረው ቀዩ ገመድ አለበት።

ጋሼ፣ እርስዎ ደግመህ አንብበው ብለው ጽፈውልኛል። አንብቤዋለሁ። ወር ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ያን ሰዓት ግን የታየኝ ገመድ ካልኖረ ድምፅ እንደማይኖር ብቻ ነው።

እዚያ ገብተን እኔ እንዲህ አልኳቸው። «ነገ የሰርግ ቀረጻ አለኝ። አንድ ቀን አቆዩልኝ። እሷ እንደሁ አታውቅም።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬት መሬት አዩ። አቶ አማኑ «ልጇ ነህ፤ አንተ ካልክ» አሉኝ። በዚያው ለሐሙስ ሆነ።

ስንወጣ እማዬ በር ላይ አግኝታን «ምነው ሳትቀምሱ?» አለቻቸው። እራት ላይ «ነገ ስንት ሰው ነው የሚመጣልህ? ምሳ ልሥራላቸው» አለችኝ። ደስ አለኝ እኮ ጋሼ! እንዴት ያለች እናት አለችኝ አልኩ። ረቡዕ ጠዋት ቀዩን ገመድ ከጠረጴዛው አንስቼ ቦታው ስመልሰው እንኳ አልባነንኩም። የሚኪያስ አክስቶች እስኪላባቸው ዘፈኑ። እማዬ ዶሮ ሠርታ አበላቻቸው፤ ሙሽራውንም ዓይኑን እያየች «ውለዱ ክበዱ» ብላ መረቀችው።

ይኼን ሁሉ ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው። «አርባው ስለወጣ የወጥ ቤቱን ስፒከር ላጽዳው ወይስ ላውርደው?» ብዬ እማዬን ብጠይቃት «እንደፈቀድክ» አለችኝ። ሁዳ እዚያው ነበረች። ተከትላኝ ወጣችና ግቢው ውስጥ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማውረድ ያኔ ነበር» አለችኝ።

«መቼ?»

«ወላሂ እምሩ፣ እኔ ከእናትህ እኩል ሰምቼሃለሁ። መጀመሪያ አማኑ 'የፈቀደን መርዶ' ሲል መጣ። እናትህ ቢላዋውን አስቀመጠች። ልጮህ ስል በዚያ ሽንኩርት በነካው እጇ አፌን ያዘችኝ። ከዚያ ያንተ ድምፅ መጣ፤ አጠገባችን የቆምክ ነበር የመሰለኝ። እሷ እንደሁ አታውቅም አልክ።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች! እጇን ታጠበችና 'ሁዳዬ፣ ሽማግሌዎቹ መስማቴን እንዳያውቁ፣ ልጄ ያፍራል' አለችኝ። ሌሊቱን አልተኛችም። ረቡዕ ዶሮውን ያገነጣጠልነው አብረን ነው። አንዴ ብቻ ውጭ ሽንት ቤት ገብታ ቆየች።»

ሐሙስ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ለብሳ ያገኘናት ለዚያ ነው። «ምን ሆናችሁ በጠዋት?» አለቻቸው። ሲነግሯት ወደቀች፣ «መቼ?» ብላ ጠየቀች፣ ደረቷን መታች፤ ሰው ሁሉ አሁን የሰማች መሰለው። ይኼን ያደረገችው እኔ በአቶ አማኑ ፊት እንዳላፍር ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ምሳ በልተሃል ወይ ትለኛለች። ሸሚዜን ታጥብልኛለች።

ፊቷን ማየት አቅቶኛል። ሥራ አለኝ እያልኩ አምሽቼ እገባለሁ። ብነግራት የሸፈነችልኝን እገልጠዋለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ እንደ ሰው አብሬያት መቀመጥ አልቻልኩም። እርስዎንም ያችን ቀን ነሥቼዎታለሁ። ምን ላድርግ ጋሼ?

እምሩ


ቶሪኖ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምሩ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ተናድጄ ወጥቼ ሄድኩ። በዚያው ንዴቴ መልስ ብጽፍልህ ኖሮ ዝምድናችን ያበቃ ነበር። ሰላምታ ያልጻፍኩትም ሐሰት እንዳይሆንብኝ ነው።

አሁን በርዶልኛል። ዕቃው ምንም አልበደለህም፤ እንደተሠራበት ሠርቷል። እኔ ግን በአንተ ልፈርድ ብዕር ሳነሳ የራሴ መጣብኝ። ፈቀደ መጋቢት ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። «ልደውልላትና ትንፋሼን እንኳ ትስማ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ነኝ «ትደነግጣለች፣ ይቅር» ያልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። አንተ አንድ ቀን ነሣሃት፤ እኔ ወራት ነሣኋት። እኔም ለእሷ ብዬ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እውነቱ ግን ስታለቅስ መስማት ፈርቼ ነው። በማይሰማ ጆሮዬ!

ሂድና እግሯ ላይ ውደቅ። ሸፍናልኛለች ብለህ በዚያ ሥር አትደበቅ። ከሽማግሌዎቹ ነው የሸፈነችህ፣ ከራሷ አይደለም። የእኔንም ንገራት፤ ለእሷ የምጽፈው ደብዳቤ አልወጣልኝም። የምትለውን ሁሉ እንዳለችው ጻፍልኝ፤ አታሳምርልኝ።

ገብረትንሣኤ


አፍንጮ በር፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገብረትንሣኤ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። እንዳለችው እጽፍልዎታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወጥ ቤት ገባሁ። ከአትክልት ተራ ያመጣችውን ቃሪያ እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

«እማዬ፣ ያን ማክሰኞ ማታ…» አልኳት።

«እህ።»

«ሰምተሽኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

ጉልበቷ ላይ ወደቅኩ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውሰውም። ይቅር በይኝ ብያለሁ፣ አፍሬያለሁ ብያለሁ፣ ስለ ቀብሩ ቀን የለመኑኝንም ነግሬያታለሁ። ቃሪያዋን ስትለቅም ቆየችና «ተነስ፤ እንዲህ ስትሆን ከሁዳ ቤት ይታያል» አለች።

ተነሳሁ። የእርስዎንም ነገርኳት። ጋሽ ፈቀደ ትንፋሼን ትስማ ማለታቸውን ስነግራት የያዘችውን ቃሪያ አስቀመጠች። «ገብሬ ራሱ ይጻፍልኝ። አንተ አትላክበት» አለች። ከዚህ ሌላ ስለ እርስዎ ያለችው የለም።

ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ያ ዘፈን እንዴት ወጣ?»

«የቱ?»

«የቱ ይለኛል! የሰርጉ ነዋ።»

«ደህና ወጣ። ወደዱት።»

«ለሙሽሮቹ አሰማህ። ለአዳራሽ ሙሉ ሰው አሰማህ። እኔ ግን አልሰማሁትም፤ ያን ቀን ዘግተኸዋል።»

«እማዬ፣ እባክሽ ተይው።»

«አሰማኝ። እኔም ከፍዬበታለሁ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተከተለችኝ። ጠረጴዛዬ ያለበት ክፍል ገብታ ተቀምጣ አታውቅም። ወንበሬን ሰጠኋት፤ እኔ ቆምኩ። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከበሮው ገባ፣ ጭብጨባው ገባ፣ የሚኪያስ አክስቶች ተቀባበሉት፣ እልልታው መጣ። ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ስክሪኑን አየሁ። ሲያልቅ «ድገመው» አለች። ደገምኩላት።

መሐል ላይ «እልልታው በዝቷል፤ ቀንሰው» አለችኝ።

ሰርጉ ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ዘፈኑን ካስረከብኩ ቆየሁ፤ ቀነስኩት አልቀነስኩት ለማንም አይጠቅምም። ይኼን ልነግራት አልቻልኩም። ቀነስኩት።

«አሁንም» አለች።

ቀነስኩት።

«አሁንም።»

እልልታው ጭራሽ ጠፍቶ ከበሮውና ጭብጨባው ብቻ እስኪቀር ዝቅ አደረግኩት። ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችውና «ያን ቀን እንዲህ አድርገህ ብታሰማኝ አለቅስበት ነበር» አለች። ተነስታም ወደ ወጥ ቤቷ ሄደች።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። ደብዳቤዎን እየጠበቀች ነው ጋሼ፤ ቶሎ ይጻፉላት።

ልጅዎ
እምሩ